የግማሽ ሰከንድ ደጅ ጥናት

ሰዓት መሙላት ቀላል ሥራ መስሎ የሚታየን፣ ጕዳዩ ሁሉ በሚጻፈው ቍጥር ላይ ያለ ስለሚመስለን ነው። ነገር ግን ጊዜ ከሚጻፉት ነገሮች ሁሉ የሚለይበት አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ይኸውም እውነት የሚሆነው በተጻፈባት ቅጽበት ብቻ መሆኑ ነው። የርስት ውል ትናንት ቢጻፍ ዛሬም ውል ነው፤ የክርስትና ስምም ከጥምቀት እስከ ፍትሐት ድረስ ሳይለወጥ ያገለግላል፤ «ከቀኑ ስድስት ሰዓት» የሚለው ቃል ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ሰዓትን አጥርቶ ሊሞላ የሚሻ ሰው ምን እንደሚጽፍ ከማወቁ ይልቅ መቼ እንደሚጽፍ ማወቁ ይበልጥበታል፤ ይህንንም ጕዳይ፣ ጤነኛ ሰው ሁሉ «ይበቃል» ከሚልበት ወሰን አሳልፈው የተከታተሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ስለ ሆኑ፣ የዛሬው ወጋችን በእነርሱና በአንዲት ድብቅ ሰዓት መካከል ስላለው ደጅ ጥናት ይሆናል።

በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ፣ ማዘርቦርድ በሚሉት ገበታ ላይ፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ተቀምጣለች፤ በዚያው ገበታም ላይ ክሪስታል የሚባል የኳርትዝ ስንጣሪ አለ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ባለቤቱም ለጥምቀት በዓል ጎንደር ሄዶ ሳለ፣ በዚህች ባትሪ ኃይል ክሪስታሉ በየሰከንዱ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቍጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ ይምሰል እንጂ፣ ከአንድ ተነሥቶ ዐሥራ አምስት ጊዜ በእጥፍ በማደግ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ እየገመሱ ሲወርዱ መጨረሻው ላይ አንዲት ጥርት ያለች ሰከንድ ትገኛለች። የገበታው ሰዓት የምትኖረው በዚህች ሰከንድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያወጣ ይህች ሰዓት በውስጡ አልነበረችም። መሣሪያው በተከፈተ ቍጥር «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ሰዓቱስ?» እያለ ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር፤ ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ቍልፉን ተጭኖ ስለሚያልፈው፣ ከዚያ ዘመን የተረፉ ፋይሎች ሲታዩ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ጽሑፎች ሁሉ በጃንዩወሪ 1 ቀን 1980፣ በአንድ ጀንበር የተወለዱ ይመስላሉ። በ1984 ኤቲ የተባለው ሞዴል ሲወጣ ግን የሞቶሮላ ኩባንያ የሠራት፣ ስሟም ኤምሲ146818 የተባለ ቺፕ በባትሪ ተደግፋ ገባች፤ መሣሪያውም ባለቤቱን ቀን መጠየቅ የግድ አላስፈለገውም። ቺፕዋ ራሷ ከጊዜ በኋላ በሌሎች ሰፋፊ ቺፖች ሆድ ውስጥ ተዋጠች፤ ሥርዓቷና ልማዷ ግን፣ ነውሯም ጭምር፣ ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቈይቶ እነሆ ከእኛ ደርሷል።

ከነውሮቿ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሰዓቲቱ ዓመትን (ያውም በሁለት አኃዝ ብቻ)፣ ወርን፣ ቀንን፣ ሰዓትን፣ ደቂቃንና ሰከንድን የምትመዘግብባቸው ቦታዎች አሏት፤ ከሰከንድ በታች ላለው ጊዜ ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተሰጣትም። ኮምፒዩተሩ በበኩሉ፣ በተለይ ከኢንተርኔት ጊዜን የሚቀበል ከሆነ፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ ሰባ ሦስት መቶኛ ሰከንድ እንደ ሆነ አጥርቶ ያውቃል፤ ነገር ግን ያችን ሰባ ሦስት መቶኛ ለሰዓቲቱ የሚነግርበት ቋንቋ የለውም። የቀረው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መጠበቅ። በቍጥር ሊጻፍ ያልቻለው ሽርፍራፊ፣ በሚጻፍበት ጊዜ ይገለጣል። የራዲዮ ዜና ሊጀምር ሲል የእጅ ሰዓታቸውን መሙያ ስበው፣ የሰከንዱን ዘንግ ዐሥራ ሁለት ላይ አቁመው፣ የሰዓቱን ምልክት ሲሰሙ የሚለቁ አባቶች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሰዓታቸውን ትክክል ያደርገው የነበረው የጣታቸው መልቀቅ ነበር።

«እንግዲያውስ ሰከንዱ ሲብት መጻፍ ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለወግ ባልበቃ ነበር። የሞቶሮላ ሰዓት ስትሞላ አስቀድማ ትታገዳለች፤ ይኸውም እየተጻፈባት ሳለ ቍጥሮቿ እንዳይለወጡ ነው፤ የክሪስታሉን እንቅጥቃጤ እየገመሰ የሚያወርደውም መሰላል ወደ ባዶ ይመለሳል፤ ከዚያ ቍጥሮቹ ይጻፋሉ፤ በመጨረሻም ትለቀቃለች። ከእግዱ ስትለቀቅ ታዲያ ቀጣይዋን ሰከንድ የምታበስረው፣ ማንም እንደሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ቈይታ ሳይሆን፣ ልክ በግማሽ ሰከንዱ ነው። ይህ በሠሪዎቿ መግለጫ ላይ በአጭር ዐረፍተ ነገር የሰፈረ ሕግ ነው። እንግዲህ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ «ስድስት ሰዓት» ብሎ የጻፈ ቅን ሰው፣ ሰዓቲቱን ግማሽ ሰከንድ አስቀድሟት ይቀራል፤ ስድስት ሰዓት ሞልቶ ግማሽ ሰከንድ ካለፈ በኋላ፣ ጊዜው ማለፉን እያወቀ «ገና ልክ ስድስት ሰዓት ነው» ብሎ የጻፈ ግን ትክክለኛ ይሆናል። ሐሰት ጽፎ እውነት የሚገኝበት ሌላ መዝገብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁሉም ሰዓት በዚህ ሕግ ቢመራ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ዲኤስ1307 የምትባለዋ ሌላዪቱ ቺፕ የሰከንዷ ቦታ በተጻፈ ቅጽበት መሰላሏን ከባዶ ጀምራ ሙሉዋን ሰከንድ ትቈጥራለች፤ ስለዚህ ለእርሷ ሰከንዱ ሲብት መጻፍ ይገባል፤ ለሞቶሮላ ዘር የሚገባው ጥበቃ ለእርሷ ስሕተት ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ውስጥ ኤችደብልዩክሎክ የሚባለው ትእዛዝ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ለሞቶሮላ ዘር ግማሽ ሰከንድ፣ ለቀሩት ባዶ ይዞ ይነሣል፤ የቺፑን ጠባይ ከእርሱ ይልቅ አውቃለሁ የሚል ባለሙያ ካለም ሌላ ቍጥር እንዲሰጠው ይፈቅድለታል።

ግማሽ ሰከንድ ምን ያህል ናትና ይህ ሁሉ ንትርክ ለሚል ሰው፣ መለኪያው በአገራችን ከሞቶሮላ እጅግ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቈይቷል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በስድሳ ኬክሮስ ይከፍሏታል፤ ኬክሮስን በስድሳ ካልዒት፣ ካልዒትን በስድሳ ሣልሲት፣ ሣልሲትን በስድሳ ራብዒት፣ ራብዒትን በስድሳ ኀምሲት፣ ኀምሲትንም በስድሳ ሳድሲት። በዛሬው ልክ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲትም 0.4 ሰከንድ ትሆናለች፤ ስለዚህ የሞቶሮላ ግማሽ ሰከንድ ያለ አንዳች ትርፍና ጕድለት አንድ ሣልሲት ከዐሥራ አምስት ራብዒት ናት። ሰዓቲቱ ቍጥሮቿን ልትለውጥ ስትቃረብ ደግሞ «አሁን አታንብቡኝ» የምትልበት አንድ ምልክት አላት፤ ምልክቱ ካልተነሣ ቢያንስ ለ244 ማይክሮ ሰከንድ እንደማትለወጥ ዋስ ሆናለች። ይህ ሁለት ኀምሲት ከዐሥራ ሁለት ሳድሲት ያህል ነው። የዓመትን ትርፍና የጨረቃን ጕድለት ለማስላት እስከ ሳድሲት መውረድ ለምን አስፈለገ እያለ በሊቃውንቱ ላይ የሚያፌዝ ሰው ቢኖር፣ ፌዙን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይዞት ይምጣ፤ የሚገባውን ክብር ለመስጠት በአሜሪካ አገር የቺፕ ፋብሪካ እስኪቋቋም መጠበቅ ግድ ኖሯል።

አሁን ወደ ደጅ ጠኚው እንመለስ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቈጠር ሥራ የሚሠራው ይህ ኀያል መሣሪያ፣ ግማሽዋን ሰከንድ ለመጠበቅ ሲነሣ የሚያደርገውን ላየ ሰው ያሳዝናል። በቀድሞ ዘመን ከመኳንንት ደጅ የሚጠና ባላገር ቢያንስ ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋ ነበር፤ አጋፋሪው ሲጠራው ይነቃል። ኤችደብልዩክሎክ ግን ማንቀላፋትን አይደፍርም፤ ምክንያቱም በኮምፒዩተር ውስጥ የተኛ ፕሮግራም የሚቀሰቀሰው ተራው ሲደርስ ነው፤ ተራው ደግሞ መቼ እንደሚደርስ በሺኛ ሰከንድ ልክ ቃል የሚገባለት የለም። ስለዚህ ዐይኑን ሳይከድን ራሱን እየደጋገመ ይጠይቃል፤ ደረሰ? ገና ነው። ደረሰ? ገና ነው። ደረሰ? በዚህ መካከል ሌላ ሥራ መጥቶ ከመንበሩ ቢያነሣውና ሲመለስ የተመኛት ቅጽበት አልፋ ቢያገኛትስ? ይህም ታስቦበታል። መጀመሪያ ለራሱ የሚፈቅደው ስሕተት አንድ ሺኛ ሰከንድ ነው፤ ካመለጠችው ለሚቀጥለው ሰከንድ ቀጠሮ ይይዝና የተፈቀደውን ስሕተት ወደ ሁለት ሺኛ ያሰፋዋል፤ እንደገና ቢያመልጠው ወደ ሦስት፤ እንዲህ እያለ ሥራ በበዛበት ኮምፒዩተር ላይ ኅሊናው በየሰከንዱ እየለዘበ ይሄዳል። ቀኖና ሰጥቶ ተነሳሒው ሲደክም እያየ የሚያቀልለት የነፍስ አባት ካልሆነ በቀር፣ በሥርዓት የተጻፈ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ማንበቡም ከዚሁ አይርቅም። ሰዓቲቱ «አምስት ሰከንድ» ስትል ገና አምስት መግባቷ ይሁን ወይስ ወደ ስድስት ልትሻገር ቋፍ ላይ መሆኗ ስለማይታወቅ፣ አንባቢው ቍጥሩ እስኪለወጥ አፍጥጦ ይጠብቃል። ትእዛዙን ሰጥተው መልሱ የዘገየባቸው ሰዎች መሣሪያው የፈዘዘ እየመሰላቸው ቍልፍ ይደበድባሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሰከንዱ ነው፤ በሰዓቱ ራሱ ላይ የተስማማን አስመስለን ማለፋችን ግን በአገራችን ሁኔታ ድፍረት ነው። የኮምፒዩተር ጥገና ከሚካሄድበት አንድ ጠባብ ሱቅ ገብቼ፣ ባትሪው ያለቀበት መሣሪያ አዲስ ባትሪ ሲገባለት ቆሜ ነበር፤ ወጣቱ ባለሙያ ክዳኑን ገጥሞ ሲያበቃ ቀና ብሎ፣

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ስንት ላድርገው?» አለኝ።

«ሦስት ከአምስት።»

«በፈረንጅ ዘጠኝ ከአምስት። ይኸው፣ ገባ።»

«ሰከንዱስ?»

«ሰከንዱን ዜሮ አድርጌዋለሁ።»

«ዜሮ ያደረግኸው መቼ ነው?»

«አሁን ነዋ!»

«አሁን ስትል፣ ቍልፉን ስትጫን ነው ወይስ ስትለቅ?»

ልጁ ለአፍታ በትዝብት ተመለከተኝና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ የሚያስቸኵል ቀጠሮ አለብዎ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ቀጠሮ አልነበረብኝም፤ ቢኖርብኝም በሣልሲት የሚቈጠር አይሆንም ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት በሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዓቶች ሊሠሩ ይችሉ ነበር ቢባል ማጋነን የለበትም። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከአምስት ይላል። ስክሪኑ ዘጠኝ ከአምስት ይላል። ያው ኮምፒዩተር ሊኑክስ የተጫነበት ቢሆን ደግሞ፣ ሊኑክስ በገበታው ሰዓት ላይ መጻፍ የሚወደው የዓለም አቀፉን ጊዜ ስለ ሆነና አዲስ አበባም ከእርሱ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ባትሪዋ የምትጠብቀው ቍጥር ስድስት ከአምስት ይሆናል። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፤ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሦስቱ በአንዲት ደቂቃ ተሰብስበው ማለት ነው፤ ሦስቱም እውነተኞች ናቸው። ዊንዶውስ ግን በገበታው ሰዓት ላይ የአገሩን ጊዜ መጻፍ ይመርጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስማምቶ ሊያኖር የሚሞክር ሰው፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው በገባ ቍጥር ሦስት ሰዓት ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ይኖራል። ለግማሽ ሰከንድ ያን ያህል የተጨነቁ ሊቃውንት በሦስት ሰዓት ጕዳይ ላይ አንድ ቃል መሆን አለመቻላቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ባትሪዋ ያለቀችበትን ኮምፒዩተር ያየ ሰው ግን በሦስት ሰዓት አያማርርም። መሣሪያው ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነቃል፤ የባንኩን ድረ ገጽ ሊከፍት ሲል፣ የገጹ የምስክር ወረቀት የተሰጠው በእርሱ ዘመን ገና ባልመጣ ዓመት ስለ ሆነ «ይህ ወረቀት አልጸናም» ብሎ ይከለክላል። በሕጉ መሠረት ትክክል ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ደክሞ ሰዓቲቱን በሺኛ ሰከንድ ልክ የሞላት ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ዞር ሲል፣ ክሪስታሉ ወዲያውኑ ማበላሸት ይጀምራል። ከሚሊዮን ሃያ መሳት ለእንዲህ ያለ ርካሽ ክሪስታል የተለመደ ነውና፣ ይህም በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋ ይሆናል። ከሙቀት ጋርም ጠብ አለው፤ የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በሃያ ዲግሪ ሲርቅ በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ የሚገርመው ቢሞቅም ቢበርድም መዘግየቱ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሠመራ ሐሩርም ወደ ኋላ ይቀራል።

ለዚህ በሽታ የተገኘው የመጀመሪያው መድኀኒት ሒሳብ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ፣ ሩት ቤልቪል የተባሉ ወይዘሮ ከ1892 እስከ 1940 ድረስ ጊዜ ይሸጡ ነበር፤ አባታቸው በ1836 የጀመሩትን ንግድ፣ ከእርሳቸውም በኋላ እናታቸው ያካሄዱትን ወርሰው ነው። ወይዘሮዪቱ ጆን አርኖልድ የተባለው ጠቢብ የሠራውን የኪስ ሰዓት ይዘው ወደ ግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ ይሄዳሉ፤ በዚያም ሰዓቱ ከእውነተኛው ጊዜ በምን ያህል እንደሚለይ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ከሰዓት ሠሪ ወደ ሰዓት ሠሪ እየዞሩ ደንበኞቻቸው ሰዓቱን አይተው የራሳቸውን እንዲያርሙ በክፍያ ይፈቅዳሉ። የንግዱ ጥበብ ያለው ሰዓቱ ባለመነካቱ ላይ ነው፤ ስሕተቱ ታውቆ እስከ ተጻፈ ድረስ የሚሳሳት ሰዓት እንደ ትክክለኛ ሰዓት ያገለግላል። ሊኑክስም ተመሳሳይ ወረቀት አለው፤ አድጅታይም በሚባል ትንሽ ፋይል ላይ ሰዓቲቱ መቼ እንደ ተሞላችና በቀን ስንት እንደምትሳሳት ይጽፋል፤ ኋላም ሲያነባት ባለፉት ቀኖች ልክ አስልቶ ያርማታል።

ሁለተኛው መድኀኒት ዴቪድ ሚልስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1985 ሕጉን በጽሑፍ ያወጡለት፣ ኮምፒዩተሮች በመረብ ላይ ጊዜን እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ሥርዓት ነው። ኮምፒዩተሩ በዚህ መንገድ ትክክለኛውን ጊዜ እንደ ያዘ ሲረጋገጥ፣ የሊኑክስ አስኳል ማንም ሳያዝዘው በየዐሥራ አንድ ደቂቃው ወደ ገበታው ሰዓት ይሄዳል፤ ደጅ ጠንቶ፣ ግማሽ ሰከንዷን ጠብቆ፣ ጽፎ ይመለሳል። ሌሊትም ቢሆን፣ ባለቤቱ ተኝቶም ቢሆን፣ ሥራው አይቋረጥም።

ኮምፒዩተሩ በወግ በሥርዓት ሲዘጋም የመሰናበቻ ጽሕፈት ሊኖር ይችላል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ለመሰናበት ጊዜ የለም። እንዲያም ሆኖ ጕዳቱ ሲሰላ ትንሽ ነው፤ ኢንተርኔቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ሰዓቲቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከተሞላች ቢበዛ ዐሥራ አንድ ደቂቃ አልፏታልና፣ ከሚሊዮን ሃያ የሚስት ክሪስታል በዚህች ጊዜ ውስጥ የሚያሳስታት ዐሥራ ሦስት ሺኛ ሰከንድ፣ ማለት ሁለት ራብዒት ብቻ ነው። ባለቤቱ በጨለማው ውስጥ እየዳበሰ ሻማና ክብሪት ፍለጋ የሚያጠፋው ኬክሮስ ግን በየትኛውም ፋይል ላይ አይመዘገብም።